የድጋፍ ጥሪ፦ በዘር ለሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም የጋራ የክትትል መዝገብ

ውድ ወገኖች፣

ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን ቤተሰቦች ለሦስት ዓመት በአንድ ዓይነት መለኪያ የሚከታተል የጋራ መዝገብ ለማቆም ድጋፋችሁን እንጠይቃለን። ከሚሰበሰበው ላይ ትንሹ ድርሻ ልጅ ለመውለድ የተቸገሩ ጥንዶች ስለ አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌዎችን ቆዳ ላይ የመትከል ሕክምና) ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ነጻ የአማርኛ መመሪያ ማዘጋጃ ይሆናል። ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው ወደ ታች እንነግራችኋለን።

ከዘር የኩላሊት ሕመሞች በብዛት የሚታየው ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች (ሲስቶች) ኩላሊት ውስጥ እየበዙና እያደጉ የሚሄዱበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው በክሮሞሶም 16 ላይ ያለው ፒኬዲ1 ወይም በክሮሞሶም 4 ላይ ያለው ፒኬዲ2 የተባለው ጂን መለወጡ ነው። ከወላጆቹ አንዱ የተለወጠውን ጂን ከያዘ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ወንድ ሴት አይለይም፤ ታላቁ ስለተያዘ ታናሹ አይድንም።

ይህ ሕመም ከሚደበቅባቸው መንገዶች ዋነኛው የደም ምርመራው ራሱ ነው። ሲስቶቹ ሲያድጉ ጤነኛ የቀሩት የኩላሊት ክፍሎች የሌሎቹን ሥራ ጨምረው ስለሚሸከሙ ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ለብዙ ዓመታት ልክ ሆኖ ይታያል። ቁጥሩ ከፍ ማለት ሲጀምር ብዙው ጉዳት ደርሷል። ስለዚህ መዝገቡ የኩላሊትን መጠን በአልትራሳውንድ ይለካል፦ ርዝመት × ስፋት × ውፍረት × 0.52። 18፣ 9 እና 8 ሳንቲሜትር የሆነ ኩላሊት 675 ሚሊሊትር ያህል ይሆናል። የሁለቱ ኩላሊቶች ድምር በሰውየው ቁመት (በሜትር) ይካፈላል።

አብዛኛው ገንዘብ የሚሄደው እዚህ ላይ ስለሆነ ምክንያቱን በዝርዝር እንግለጽ። መርማሪው ስፋቱን 9 በማለት ፈንታ 10 ሳንቲሜትር ብሎ ቢጽፍ መጠኑ በ11 በመቶ ይጨምራል። ቶልቫፕታን የተባለው መድኃኒት 1,445 ሕመምተኞች ላይ በተሞከረበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ጥናት ግን መድኃኒቱን ያልወሰዱት ሰዎች ኩላሊት ያደገው በዓመት 5.5 በመቶ፣ የወሰዱት ደግሞ 2.8 በመቶ ነበር። አንዲት የሳንቲሜትር ስሕተት የሁለት ዓመት ዕድገት ታስመስላለች ማለት ነው። በዚህ ምክንያት አንድን ሰው በየዓመቱ የሚለካው ያው መርማሪ፣ በዚያው መሣሪያ መሆን አለበት። እያንዳንዱ መለኪያ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው ሲወሰድ የመጀመሪያው ቁጥር ይሸፈናል። የተወሰኑት ተሳታፊዎች ሲጀመርና በሦስተኛው ዓመት ኤም አር አይ ይነሣሉ፤ የአልትራሳውንዱ ስሕተት ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። መርማሪዎችን ማሠልጠን ማሽን የመግዛትን ያህል ዓይን አይስብም፣ ለጋሽም አያጣድፍም፤ እኛ ግን የምናስቀድመው ሥልጠናውን ነው።

ቤተሰብ ውስጥ ሕመሙ መኖሩ ከታወቀ፣ ዕድሜው ከ15 እስከ 39 የሆነ ሰው ላይ በአንዱም ሆነ በሁለቱ ኩላሊቶች ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 3 ሲስት መታየቱ ሕመሙ እንዳለበት ያሳያል። ከ40 እስከ 59 ላለ ሰው በእያንዳንዱ ኩላሊት ቢያንስ 2፣ 60 እና ከዚያ በላይ ለሆነ በእያንዳንዱ ቢያንስ 4 መታየት አለበት። በወጣትነት የተነሣ ንጹሕ አልትራሳውንድ ግን ሁልጊዜ ነጻ አያወጣም። ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ ኩላሊት ሊሰጥ የተዘጋጀ ወጣት ባለበት ቤት ይህን መሳት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

ለዘረመል ምርመራ ደሙ የሚቀዳው ክዳኑ ሐምራዊ በሆነ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ ነው። ቱቦው ወዲያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገለበጣል፤ ካልተገለበጠ ደሙ ይረጋል። ሄፓሪን የተባለ ሌላ የመርጋት መከላከያ ያለበትን ቱቦ አንጠቀምም፤ ሄፓሪን ጂኑን አባዝቶ የማንበቡን ሥራ ያሰናክላል። ፒኬዲ1ን ማንበብ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው፦ ከዚያው ክሮሞሶም ላይ ስድስት በጣም የሚመስሉት ሥራ የለሽ ቅጂዎች አሉ። ላቦራቶሪው እነሱን በስሕተት እንዳያነብ ረጅምና ያልተቆራረጠ ዲኤንኤ ያስፈልገዋል። ደጋግሞ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ናሙና ደግሞ ይቆራረጣል። ስለዚህ የማቀዝቀዣና የመጠባበቂያ ኃይል ወጪ ከዕቅዳችን ሊቀነስ አይችልም።

ክሪያቲኒን በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዘዴ ይለካል። ተሳታፊው ከዋዜማው ጀምሮ የበሰለ ሥጋና ከባድ ስፖርት ይተዋል፤ ሁለቱም ቁጥሩን ለጊዜው ከፍ ያደርጉታል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የደም ግፊት መለኪያ እንሰጣለን፤ የክንድ መጠቅለያው በሁለት መጠን ይሆናል፣ ለክንዱ የጠበበ መጠቅለያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያልና። የደም ግፊትን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ኩላሊታቸው ገና ያልደከመ ወጣቶች ግፊታቸው ከ110/75 በታች ሲያዝ፣ እስከ 130/80 ከተፈቀደላቸው ይልቅ የኩላሊታቸው መጠን ዕድገት በ14 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ሙከራ ታይቷል።

መጠን ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የወጣው ኤቨሮሊመስ የተባለ መድኃኒት ሙከራ 433 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። መድኃኒቱ የኩላሊቱን ዕድገት አዘገየ፤ የኩላሊቱን ሥራ ግን ከመድከም አላዳነም። መጠኑን ብቻ ለክቶ ያቆመ ሰው መድኃኒት ተገኘ ብሎ ያውጅ ነበር።

ስለ አኩፓንክቸር የሚባለውም መመዘን ያለበት በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን ውስጥ አይ ቪ ኤፍ (እንቁላልን ከዘር ፈሳሽ ጋር ከማኅፀን ውጭ የማገናኘት ሕክምና) የሚያደርጉ 160 ሴቶች ተጠንተው፣ አኩፓንክቸር ካገኙት 42.5 በመቶ፣ ካላገኙት 26.3 በመቶ አርግዘዋል። ማነጻጸሪያዎቹ ግን ምንም ያልተደረገላቸው ነበሩ፤ መርፌ የሚመስል ነገር እንኳ አልቀረበላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ 848 ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት ሲወጣ ማነጻጸሪያው ቆዳን የማይበሳ የማስመሰያ መርፌ ነበር። በሕይወት የተወለደ ልጅ ያገኙት ከአኩፓንክቸሩ ወገን 18.3፣ ከማስመሰያው ወገን 17.8 በመቶ ሆኑ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በቻይና የእንቁላል ማፍራት መዛባት (ፒሲኦኤስ) ያለባቸው 1,000 ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሙከራም አኩፓንክቸር የሚወለዱትን ልጆች ቁጥር እንዳልጨመረ አሳይቷል። መመሪያው ይህን በግልጽ ይጽፋል። መርፌው ያረጋጋኛል የምትል ሴትን አንከለክልም፤ የምንፈራው ወራት እንዳይባክኑ፣ የባል የዘር ፈሳሽ ሳይመረመር እንዳይቀር ነው።

ከኩላሊት ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ይህ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለባት ሴት ለግፊቷ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙላት ኢናላፕሪልና ሎሳርታንን የመሰሉ መድኃኒቶች ጽንሱን ስለሚጎዱ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ አስቀድማ መቀየር አለባት። ከመርፌው ጋር ደርበው የዕፅዋት ቅመም የሚሰጡ ቦታዎች አሉ፤ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት ዕፅ ደግሞ ኩላሊትን ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ በተወሰደ ቅመም ውስጥ አንዱ ዕፅ በሌላ ተቀይሮ ገብቶ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸውን አጥተዋል። ቀድሞውኑ በዘር የተጎዳ ኩላሊት ላለባት ሴት ይህ እጥፍ አደጋ ነው።

ማንም ተሳታፊ ለምርመራው አይከፍልም፤ የመጓጓዣውን የምንሸፍነው እኛ ነን። ከክትትል የሚቀሩት በአብዛኛው በጣም የታመሙትና ደኅና ነኝ የሚሉት ናቸው፤ እነሱ ከጎደሉ ውጤቱ ያዘነብላል። ደም ከመቀዳቱ በፊት የፈቃድ ቅጹ በአማርኛ ይነበባል። ውጤቱን ማወቅ የማይፈልግ ሰው አይነገረውም፤ ምንም ምልክት የሌለባቸው ልጆች ዕድሜያቸው ሳይደርስ በጂን አይመረመሩም። ስምና የምርመራ ቁጥር በተለያየ ቦታ ይቀመጣሉ። የቤተሰብ ምርመራ ያልታሰበ የአባትነት ጉዳይ ሊያወጣ ስለሚችል ያንን ለማንም እንደማንናገር ቅጹ ላይ ተጽፏል።

በአንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ይልቅ በየወሩ የሚሰጥ ትንሽ ይጠቅመናል፤ ሦስተኛው ዓመት የሚያስፈልገው ያኔ የሚገባ ገንዘብ ነው። የተፈተሸ የደም ግፊት መለኪያ በዓይነት እንቀበላለን። የአልትራሳውንድ ባለሙያዎች፣ የስታቲስቲክስ ሰዎችና የሕክምና ቋንቋን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጊዜያቸውን ቢሰጡን ከገንዘብ አናሳንሰውም። መድኃኒት፣ ቅመም ወይም መርፌ ከሚሸጥ ወገን ውጤቱን ቀድሞ ማየት የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለበት ስጦታ አንወስድም።

ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ለሰጪዎች ሁሉ ይላካል፤ ያልተሳኩ ናሙናዎችና የቀሩ ተሳታፊዎች ቁጥርም አብሮ ይጻፋል። የምንጀምረው በ60 ቤተሰቦች ነው። የተሰበሰበው ካነሰ የቤተሰቦቹን ቁጥር እንቀንሳለን እንጂ ከሦስቱ ዓመት አንዱን አንነካም።