ውሃ የጫነው መኪና ከኋላ ይሁን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ብርዱን ተከትሎ ይነሳባታል። ጎንደር ክረምቱ ገና አልወጣም። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነው።

የላክሽው የጉዞ ዕቅድ ደርሶኛል። በስልክ ሳነበው ፊደሉ አልታይ ስላለኝ ወንድምሽ ፒያሳ ወስዶ አሳተመልኝ። ካርታውንም ጭምር። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ማታ ፈጀሁበት። እናትሽ ከትከሻዬ በላይ አየችና «ገንዘብ ከፍለው፣ ፈቃድ ለምነው፣ ገደል ውስጥ ሳይክል ሊነዱ?» አለች። ከዚያ አማተበች። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ።

«አባዬ፣ አንተ የቁልቁለት ሰው ነህ፣ ስህተት ካለው ንገረኝ» ብለሽኛል። በስልክ ብነግርሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ታልፊኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ዕቅድሽ ያምራል። ዘጠኝ ሳይክል፣ አንድ ፒክአፕ፣ ሦስት ቀን፣ 160 ኪሎ ሜትር። አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ፣ ሞአብ ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ፣ ካንየንላንድስ ፓርክ ውስጥ፣ ዋይት ሪም የሚሉት መንገድ። ወንድምሽ «ነጩ ጠርዝ ማለት ነው» አለኝ። አፋፉን የከደነው ድንጋይ ነጭ ስለሆነ ነው አሉ። መንገዱን ያስጠረገው የዩራኒየም ፍለጋ መሆኑን ሳነብ ገረመኝ። በፈረንጅ 1950ዎቹ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1964 ስለሆነ መንገዱ ፓርኩን ይቀድመዋል። እናንተ በምትወርዱበት በዚያ ሼፈር በሚሉት ጠመዝማዛ ላይ ማዕድን የጫነ መኪና ይወጣበት ነበር። ስለ ሹፌሮቹ የጻፈ ሰው ባገኝ ቁጭ ብዬ አነብ ነበር። የኛን ሊማሊሞ ጣሊያን በወረራው ጊዜ፣ በኛ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933 ባለው ውስጥ፣ ጦሩን ሊያሳልፍበት ገደሉን ፈልፍሎ ሠራው። እነዚያ ደግሞ ለቦምብ ብለው ጠረጉ። ገደል ላይ መንገድ ማን ለደስታ ሠርቶ ያውቃል? እናንተ ግን ለደስታ ትወርዱበታላችሁ። ይሁን።

አሁን ወደ ስህተቱ።

ሦስት ቀን አይበቃም። ለአንቺ ይበቃል፣ ለቡድኑ አይበቃም። 160ን ለሦስት ስታካፍዪው በቀን 53 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ግን በማን እግር ነው ያካፈልሽው? ከዘጠኙ ሁለቱ ከከተማ ወጥተው ሳይክል ነድተው እንደማያውቁ ራስሽ ጽፈሻል። አንዷ ሳይክሏን የገዛችው ባለፈው ወር ነው። ዕቅዱ የሚሠራው በእሷ እግር ነው። አሸዋ አለ። ደረጃ ደረጃ የሆነ ድንጋይ አለ። መሃል ላይ መርፊ ሆግባክ የሚሉት ወገብ የሚቆርጥ ዳገት አለ። በጥቅምት ደግሞ እዚያ ቀኑ ያጥራል፣ ሲመሽም ብርዱ ቶሎ ይገባል። አራት ቀን አድርጊው፣ በቀን 40 ይሆናል። ስለ ሳንባሽ አላስብም። ያደግሽው ከ2100 ሜትር በላይ ላይ ነው።

ይህን ደግሞ የምትወስኚው አሁን ነው። ፈቃዱ የትኛውን ሌሊት የት እንደምታድሩ ለይቶ የሚሰጥ ነው ብለሽኛል። ስለዚህ ሲደክማችሁ «እዚሁ እንደር» ማለት የለም። እኛ የጭነት መኪና ስንነዳ ደባርቅ ሲመሽብን ደባርቅ፣ ዛሪማ ሲመሽብን ዛሪማ እናድር ነበር። እናንተ ያ ዕድል የላችሁም። በአንድ ቡድን እስከ 15 ሰውና ሦስት መኪና ይፈቀዳል ስላልሽኝ በቁጥሩ በኩል ችግር የለም። እንዲያውም ሁለተኛ መኪና ብትጨምሩ ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ግንቦት ነበር፣ አንቺ ገና አልተወለድሽም። ሁለት መኪና ሆነን እህል ጭነን ወደ ሽሬ እንወርዳለን። የውሃ ጀሪካኖቹን ሁለቱንም ባልደረባዬ መኪና ላይ ጫንናቸው፤ እሱ ጋ ቦታ ስለነበረ ብቻ። ሊማሊሞን በሰላም ወረድን። ዛሪማን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ባልደረባዬ አልሰማም፣ ቀጠለ። ያኔ ሞባይል የለም። ክሪኩ አፈሩ ውስጥ እየሰጠመ አስቸገረን። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። የረዳቴ ከንፈር ነጭ ሆነ። ዝም ብሎ ራዲያተሩን ያያል። «እንዳታስባት» አልኩት። ዝገትና ዘይት ነው የሚጠጣው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ መጣ። ትከሻው ላይ ቅል አንጠልጥሏል። ቅሉ የታጠነ ነው። ውሃው የሞቀ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ለእኔ ሦስት ጉንጭ፣ ለረዳቴ ሦስት ጉንጭ ሰጠና ቅሉን መልሶ ወሰደው። ቀሪው የራሱ ነው፤ ልክ ነበር። ያ የጭስ ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። ባልደረባዬ አዲ አርቃይ ደርሶ ሲያጣን ተመልሶ ያገኘን ሊመሽ ሲል ነው።

ልብ በይ፣ ያን ቀን ውሃ አልጨረስንም። ሁለት ሙሉ ጀሪካን ነበረን። ከፊታችን ሄዶ ነው እንጂ።

ዕቅድሽ ላይ «ፒክአፑ ቀድሞ ደርሶ ድንኳን ይተክላል» የሚለውን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ፣ በረንዳው ላይ ትንሽ ተንጎራደድኩ። አይሆንም ልጄ። ውሃ የጫነው መኪና ከኋላ ይሁን፣ ከመጨረሻዋ ሳይክል ኋላ። ድንኳን በባትሪ ብርሃንም ይተከላል። ሁለተኛ መኪና ከተገኘ እሱ ይቅደም፤ ውሃውን ግን ለሁለት አካፍሉት።

በመንገዱ ላይ የሚጠጣ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ የለም። ኮሎራዶና ግሪን የሚሉት ወንዞች ከታች ይታያሉ አሉ፤ የሚታይ ውሃ ደግሞ ጥም አይቆርጥም። ፓርኩ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ይላል። ሹፌሩን ጨምረሽ አሥር ሰው፣ አራት ቀን፣ 160 ሊትር። ባለ 20 ሊትር ስምንት ጀሪካን ማለት ነው። ይህ ለመጠጥ ነው። ለወጥና ለእጅ ስትይ አሥር ያዙ። አሥር ጀሪካን 200 ኪሎ ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ ፒክአፕ ላይ ስትጭኚ አስቢው። ሳይታሰር ከቀረ ኩርባ ላይ መኪናውን ይጎትተዋል። ከታች፣ ወደ ጋቢናው አስጠግታችሁ፣ በገመድ ጠፍሩት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሁሉም ሦስት ሊትር በጀርባው ሳይዝ እንዳይነሳ።

ሁለተኛው ነገር ፍሬን ነው።

ያቺ በሰዓት እየተከራየን የምትነጅያት ቀይ ሳይክል ትዝ ትልሻለች? ፍሬን የሚባል አልነበራትም። ከፋሲል መዋኛ አካባቢ ቁልቁል እየለቀቅሻት በጫማሽ ነበር የምታቆሚያት። የትምህርት ቤት ጫማሽ ተረከዝ በሁለት ሳምንት አለቀ። እናትሽ ጫማ ሰሪውን ተቆጣችው፣ እኔ ምክንያቱን እያወቅኩ ዝም አልኩ።

የኔንም ልንገርሽ። ጀማሪ ሆኜ ሊማሊሞን ስወርድ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሳ ወረድኩ። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀጥሎ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነብኝ፤ ስረግጠው ዝም ብሎ ይወርዳል። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ በድንጋይ ታኮ አደረገልኝ። ጎማው ድንጋዩን ገፋው፣ ገፋው፣ ቆመ። ከአፋፉ ምን ያህል ቀርቶን እንደነበር እናትሽ እስከ ዛሬ አታውቅም። አትንገሪያት። ከኋላ የመጣ ሽማግሌ ሹፌር ወርዶ የፍሬኑን ብረት አየና «ሰማያዊ አድርገኸዋል» አለኝ። ብረት ከልክ በላይ ሲግል ቀለሙ ይለወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርሽ ቀንሼ፣ ሞተሩ እንዲይዝልኝ አድርጌ ነው የምወርደው።

ሳይክል የሚይዝለት ሞተር የለውም። በሼፈር ከ400 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ይዛችሁ አትውረዱ። ቀጥታው ላይ ጠበቅ አድርገሽ ፍጥነቱን ግደዪው፣ ከዚያ ልቀቂው፣ ይተንፍስ። ኩርባው ውስጥ ከገባሽ በኋላ አትጠብቂው። ኮርቻውን ዝቅ፣ ሰውነትሽን ወደ ኋላ። አንቺ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ጀማሪዎቹን ግን አፋፉ ላይ ሳይሆን ገና ከተማ፣ ዴንቨር እያላችሁ አለማምጃቸው። መለዋወጫ የፍሬን ሸራም ያዙ።

ሌላው ሌላው ቀላል ነው። አሸዋ ላይ የጎማውን ነፋስ ቀነስ አድርጉ፤ እኛም እንዲሁ ነበር የምናደርገው። ሰንሰለቱን ዘይት አታብዙበት፣ አሸዋ ይጠጣል። የመንገዱ ዳር ላይ ጥቁር ቅርፊት የመሰለ አፈር አለ፣ ሕይወት ያለው ነው ብለሽኛል። አንዴ ከተረገጠ ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። እንግዲያው ፎቶ ፎቶ እያሉ ከመንገድ የሚወጡትን ተቆጫቸው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ እንዳትቆሙ። እናንተ ጋ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ላይኛው አገር ዘንቦ ይሆናል፤ ደራሽ ውሃ አያስጠነቅቅም።

እንጨት ማንደድ ክልክል ነው መባሉ እናትሽን አሳዝኗታል። «ታዲያ ቡናውን በምን ያፈላሉ?» ትላለች። በጋዝ ምድጃ አልኳት። ጀበናዋን ልትልክ ነበር፣ በግድ አስተውኳት።

የመጨረሻው ቀን ላይ አንድ ነገር አልወደድኩም። ሚነራል ቦተም የሚሉትን ዳገት ወጥታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ገና ከ20 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ጠጠር መንገድ፣ ከዚያም አስፋልት ይቀራችኋል። በአራተኛው ቀን፣ ከዳገት በኋላ፣ የዚያች ጀማሪ ልጅ እግር ምን ይሆናል? ከመነሳታችሁ በፊት አንድ መኪና ዳገቱ አናት ላይ አቁሙ። መቀጠል የፈለገ ይቀጥል፣ የደከመው ይሳፈር። ማንም በማንም እንዳይስቅ አስቀድመሽ ተናገሪ።

አንቺስ የት ትሆኛለሽ? ዕቅዱ ላይ ራስሽን ከፊት አድርገሻል። ከፊት መሆን እንደምትወጂ አውቃለሁ። ግን የቡድኑ ኃላፊ አንቺ ነሽ። እኛ ሰብሰብ ብለን ስንሄድ ከሁሉ በዕድሜ የበሰለው ሹፌር ነበር ከኋላ የሚነዳው። የማን ጎማ ሳሳ፣ ማን እንቅልፍ ያዘው፣ ማን ተናደደ፣ ሁሉን ያያል። እኔ ከኋላ እስከምመደብ ድረስ 14 ዓመት ፈጅቶብኛል። በተመደብኩ ቀን ቤት ገብቼ ለእናትሽ ስነግራት «ወደ ኋላ አወረዱህ?» አለችኝ።

በሶና ዳቦ ቆሎ እየተዘጋጀ ነው። ድርቆሽም አለ፤ ቀላል ነው፣ ብዙ ውሃ አይፈልግም፣ ማታ ለፍርፍር ይሆናችኋል። አንድ የሰፈር ሰው በመስከረም ወደዚያ ስለሚመጣ ይዞልሽ ይመጣል። በሶው ከማር ጋር ነው የሚበጠበጠው ብለሽ ለፈረንጆቹ አስረጂልኝ፣ ዱቄቱን እንዳይቅሙት።

ሼፈርን እንደወረድሽ ኔትወርክ ባገኘሽበት ቦታ ፎቶ ላኪልኝ። የገደሉን አይደለም፣ የገደል ፎቶ ጠግቤያለሁ። የፍሬንሽን ብረት በቅርብ አንስተሽ ላኪ። ሰማያዊ ከሆነ እደውልልሻለሁ።

አባትሽ
ከጎንደር