አባዬ፣ አትደብቀኝ

ለውድ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዲስ አበባ ዝናቡ አላስወጣ ብሎናል። ጣናም ይሄኔ ሞልቶ ዳሩን ሳይነካ አልቀረም።

የዘጌው ቡና ደርሶኛል። ስቆላው ቤቱ በሙሉ የእኛን ቤት ሸተተ። ከረጢቱ ውስጥ ያስቀመጥካትን ወረቀትም አገኘኋት። «ማሩን በሚቀጥለው እልካለሁ» ነው የምትለው። እሷን ለማንበብ መስኮት ዳር ሄድኩ። የመጀመሪያው ቃል የአንተ ጽሕፈት ነው። መጨረሻው ላይ ግን ፊደሎቹ ጤፍ አክለዋል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ከኋላ ወንበር ይነበብ የነበረው ጽሕፈትህ!

ስለ ልጆቹ ልንገርህ። ትልቁ ክፍሉን አልፏል። ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ ይገጥማል፣ አንዳንዴ ይሠራለታል። ትንሿ ጥርሷ ወልቆ ለአያቴ ካላሳየሁ ብላ አስቸገረችን። ጣሪያ ላይ ብትወረውሪው ይሻላል ብላት እምቢ አለች። በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣልሃለች። ሁለቱም ፔሊካኖቹን ለማየት ቸኩለዋል።

እሺ፣ ወደ ነገሩ ልግባ።

ሕመምህ ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠው መሆኑን አውቄአለሁ። ቡናውን ያመጣችልኝ ጎረቤትህ የማውቅ መስሏት «መድኃኒቱ ተስማማው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ይመስገን» አልኳት። ምን ልበላት? የአባቴን ሕመም ከሰው አፍ ነው የምሰማው ልበላት? መጀመሪያ የሄድክበት ክሊኒክ «እርጅና ነው» ብሎ እንደመለሰህም ከእሷ ነው የሰማሁት።

አባዬ፣ ይሄን ነገር በእማዬ ጊዜም አድርገኸዋል። እኔ ፈተና ላይ ስለነበርኩ መታመሟን ደበቅከኝ። ስደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»። ስደውል «ተኝታለች»። ድምፅህ ደህና ነበር፣ አመንኩህ። ከቀብሯ በኋላ በማለዳ በር አንኳኩተው አረዱኝ። ፊቷን አላየሁም፣ አልቀበርኳትም። ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግከው። እኔ ግን ያን ፈተና ማለፌን አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አላወራሁትም። ይሄን ነግሬህ አላውቅም፣ አሁን ነገርኩህ።

አሁን ስለምትውጣት ኪኒን ላጫውትህ። ሳይንስ ስታስተምር ለኖርክ ሰው ይሄ ታሪክ ይገባሃል።

ብሩክሄቨን የሚባል የአሜሪካ ብሔራዊ ላብራቶሪ አለ፣ ኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1947 ቀድሞ የጦር ካምፕ በነበረ ቦታ ተቋቋመ። የተቋቋመው ለአቶም ምርምር ነው። ስለ አቶም ስታስተምረን «ሰው የሚያውቀው በቦምቡ ነው» ትል ነበር። ከዚያ ቤት ግን ቴክኒሺየም የሚባለውን፣ ሐኪሞች አጥንትና ልብ ለመመርመር በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበትን ንጥረ ነገር የሚያመነጭ መሣሪያ ወጣ። የሕክምና ክፍልም ነበረው፣ ታካሚ የሚያስተኛ።

ጆርጅ ኮትዚያስ የሚባል የግሪክ ተወላጅ ሐኪም እዚያ ይሠራ ነበር። የሚያጠናው ማንጋኒዝን ነው። የማንጋኒዝ አቧራ የሚተነፍሱ ማዕድን ቆፋሪዎች ፓርኪንሰን የሚመስል ሕመም ይይዛቸዋል። እነሱን ለማየት እስከ ቺሊ ሄዷል። ከዚያ ነው ወደ ራሱ ወደ ፓርኪንሰን የገባው።

ሕመሙ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ ሰውነት እንዲንቀሳቀስ የሚረዳውን ኬሚካል የሚሠሩት ሴሎች ሲሞቱ የሚመጣ ነው። ይሄን መንገድ ስዊድን ውስጥ ካርልሰን፣ ቪየና ውስጥ ሆርኒኪዬቪች የሚባሉ ተመራማሪዎች ቀድመው ከፍተውት ነበር። ዶፓሚኑን ብትውጠው አንጎል አያስገባውም። ሊቮዶፓ የሚባለውን ግን ያስገባዋል፣ ከዚያ ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። ሌሎች በትንሽ መጠን ሞክረውት ለውጡ ቶሎ ይጠፋ ነበር። መጠኑን ቢጨምሩት ደግሞ ያስመልሳል። ኮትዚያስ ከትንሽ ጀመረ። ቀስ እያለ፣ ሰውነታቸው እየለመደ፣ ከፍ ወዳለ መጠን አደረሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ውጤቱን ሲያሳትም ከ16 ታካሚዎች 8ቱ ላይ ጉልህ ለውጥ አይቶ ነበር። አሜሪካ መድኃኒቱን በ1970 ፈቀደች። ቆይቶ ካርቢዶፓ ተጨመረበት፣ ሊቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ መንገድ ላይ እንዳያልቅ፣ ማቅለሽለሹም እንዲቀንስ። የአንተ ኪኒን ውስጥ ሁለቱም አሉ።

ይሄን ሁሉ ሳነብ ልቤን የያዙት ታካሚዎቹ ናቸው። የሚያቅለሸልሻቸው ነበሩ። ሰውነታቸው ያለ ፈቃዳቸው የሚወዛወዝ ነበሩ። ሁሉም ተመዘገበ፣ መጠኑም የተስተካከለው በዚያ ነው። እነዚያ ሰዎች «ደህና ነኝ» ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ አንተ ዛሬ ምን ትውጥ ነበር? አንተ ግን ሐኪሙ ሲጠይቅህ «ደህና ነኝ» ብለህ ትወጣለህ አሉ። እኛን እኮ ባቄላ በጣሳ አስተክለህ በየቀኑ ስንት ጣት አደገ ብለህ ታስጽፈን ነበር። ያላደገበትን ቀን የዘለለ ልጅ ነጥብ ይቀነስበታል። እስኪ አሁን ደብተር ያዝ። ኪኒኗን የወሰድክበትን ሰዓት፣ እጅህ የተፍታታበትን፣ መልሶ የያዘህን ጻፍ። ፊደሉ ቢያንስም ሐኪሙ ያነበዋል፣ እኔም አነበዋለሁ።

ባቄላ ካልኩ አይቀር፣ እሸቱ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ «ባቄላ ያድናል» ይልህ ይሆናል። ውሸታቸውን አይደለም። ሊቮዶፓ እ.ኤ.አ. በ1913 ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የወጣው ከባቄላ ነው፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ። ብላ፣ ስትወደው ኖረሃል። በኪኒኗ ፈንታ ግን እንዳታደርገው፣ አንድ ጭብጥ ውስጥ ስንት እንዳለ ማንም አይመዝንልህም። አዘውትረህ ከበላህም ለሐኪሙ ንገረው። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ከዓሣ ጥብስ ጋር አብረህ አትዋጣት። ፕሮቲኑ መድኃኒቱን ይሻማዋል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት አስቀድማት።

ጾሙ! ፍልሰታ ገብቷል፣ አንተም ቅዳሴ ሳይወጣ ምንም እንደማትቀምስ አውቃለሁ። የጠዋቷን ኪኒን ትዘላለህ ማለት ነው። እባክህ አትዝለላት። ይሄ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ድርቅ ይላል፣ ከባድ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል፣ ሕይወትም ያሰጋል። ፍትሐ ነገሥቱ የታመመን ሰው በጾም አያስገድድም፣ ይሄን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። የንስሐ አባትህን ዛሬውኑ ጠይቃቸው። ካልጠየቅካቸው እኔ እደውልላቸዋለሁ፣ እንዳትቆጣኝ።

በሩ ላይ ያለችውን ምንጣፍ አስነሳት፣ እግር ታደናቅፋለች። ጣና ዳር ከመሸ ብቻህን አትውረድ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል። ጊዮርጊስ ስትሄድ በባጃጅ ሂድ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ፋርማሲ «አልቋል» ካሉህ ያለችው ሳትጨርስ ደውልልኝ። በአውሮፕላን በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ።

ልዋሽህ አልችልም። ኪኒኗ በሽታውን አታጠፋውም። ኮትዚያስም አላጠፋውም። እጅህን ታፍታታልሃለች፣ እርምጃህን ትመልስልሃለች፣ ለብዙ ጊዜ። እየቆየ ሰዓቷና መጠኗ ይለዋወጣል፣ ያን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው፣ ከነገርከው። መንቀጥቀጡን እለምደዋለሁ አባዬ። ቢያስፈልግ እኔ አጎርስሃለሁ፣ አንተም አጉርሰህ ነው ያሳደግከኝ። ስልክህን ሌላ ሰው አንስቶ «ተኝቷል» ሲለኝ ግን አልችልም። ሁለተኛ አልችልም።

መስከረም ላይ ከልጆቹ ጋር እንመጣለን። ቀጠሮህን ከዚያ ሳምንት ጋር አገጣጥመው፣ ሐኪሙ ጋ አብረን እንገባለን። እስከዚያ ድረስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስደውል ስልኩን ራስህ አንሣው። አሞህም ከሆነ አሞኛል በለኝ።

የምትወድህ ልጅህ