ሮክ ለመስማት ድንኳን ለምትተክለው ወዳጄ

ይድረስ ለወዳጄ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ወቀሳ ስንገናኝ እንካፈለዋለን። መልእክትህን ሳነብ ግን ያው የማውቅህ ነህ፦ የአውሮፓን ሞቃት ወራት ሙሉ በሮክ ፌስቲቫል ላሳልፍ ነው አልክ፣ ከሥሩ ደግሞ የባንዶችን ስም ደረደርክ። በባንዶቹ አንጣላም። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እግርና ስለ ጆሮ ግን አንድም አልጠየቅህም፤ ሰው ፌስቲቫል አቋርጦ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በእነዚህ እንጂ በሙዚቃው አይደለም።

ምርጫውን በአጭሩ ልጨርሰው። የእንግሊዙ ግላስተንበሪ በጁን መጨረሻ ነው፤ የዴንማርኩ ሮስኪልድ ከእሱ ጋር ይገጥማል ወይም ወዲያው ይከተላል፤ ሌላው የእንግሊዝ ፌስቲቫል ሬዲንግ የኦገስት መጨረሻ ነው። ግላስተንበሪ በ1970 በሶመርሴት አውራጃ ወርዚ ፋርም በተባለ እርሻ ሲጀመር መግቢያው 1 ፓውንድ ነበር፣ የእርሻው ወተት በነፃ ተጨምሮበት። ዛሬ ፎቶህን አስገብተህ አስቀድመህ ካልተመዘገብክ ሽያጩ ውስጥ አትገባም፤ ቲኬቱም በስምህና በፎቶህ የታሰረ ስለሆነ ከሌላ ሰው እጅ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መሬቱ እንዲያርፍ ሲባል ጭራሽ የማይካሄድበት ዓመትም አለ፤ 2018 እንደዚያ ነበር። ለአንተ ጆሮ ግን ሬዲንግ ይቀርባል፤ ኒርቫና በ1991 ከሰዓት በኋላ ከተጫወተ ወዲያ በ1992 የምሽቱ ዋና ባንድ ሆኖ የተመለሰበት ሜዳ ነው። ችግሩ የፈተና ውጤታቸውን የሰሙ ታዳጊዎች እዚያ መሰብሰባቸው ነው፤ ካምፑ ሌሊት አይተኛም። ሮስኪልድ ትርፉን ለበጎ ሥራ የሚያውል፣ ዋናዎቹ ኮንሰርቶች ከመጀመራቸው ቀናት በፊት ካምፑ የሚከፈት ረጅም ፌስቲቫል ነው፤ በፈቃደኝነት ሠርተህ መግባትም ይቻላል። የእኔ ምክር ከግላስተንበሪና ከሮስኪልድ አንዱን መርጠህ ሬዲንግን መጨመር ነው። በሁለት ካምፖች መካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከሌለህ ድንኳኑም አንተም አትደርቁም።

አሁን ወደ ድንኳኑ። "ለሁለት ሰው" ተብሎ የተጻፈው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ለሚተኙና ሻንጣ ለሌላቸው ሁለት ሰዎች ነው። ብቻህን ከሆንክ የሁለት፣ ሁለት ከሆናችሁ የሦስት ወይም የአራት ሰው ግዙ። ጨርቁ የሚቋቋመው የውሃ ግፊት በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ ለውጭው ሽፋን 3,000፣ ለወለሉ 5,000 ቢሆን ለእንግሊዝ ዝናብ ይበቃል። ወለሉ የሚበልጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስትንበረከክበት ጉልበትህ እርጥቡን መሬት ስለሚጫነው ውሃው በጨርቁ ውስጥ ለማለፍ ይገፋል። አንድ ሽፋን ብቻ ያለውን ርካሽ ድንኳን ተወው፤ ዝናብ ባይጥል እንኳ ሌሊቱን የተነፈስከው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ፊትህ ላይ ይንጠባጠባል። ሁለት ሽፋን ሲኖር ጤዛው በውጭው ላይ ይቀራል፤ እሱም የአየር ማስገቢያዎቹን ካልዘጋሃቸው ነው። ሰው ሲበርደው መጀመሪያ የሚዘጋው እነሱን ነው፣ ጠዋትም "ድንኳኑ ያፈሳል" ብሎ ይማረራል።

ከመሄድህ በፊት መናፈሻ ወስደህ አንድ ጊዜ ትከለው። የተሰነጠቀ ዘንግና የጎደለ ካስማ የሚገኘው ያኔ መሆን አለበት። ከድንኳኑ ጋር የሚመጡት ቀጫጭን ካስማዎች ደረቅ መሬት ሲነካቸው ይጎብጣሉ፤ ወፈር ያሉ አሥር የብረት ካስማዎችና ቀላል የጎማ መዶሻ ጨምር። ስትመታው አናቱ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ፣ ጫፉ ከመሬት በታች ወደ ድንኳኑ እያመለከተ፣ በ45 ዲግሪ ያህል ይዘንብል። ቀጥ ብሎ የገባ ካስማ ንፋስ ገመዱን ሲስበው ተነቅሎ ይወጣል። ሰማዩ ጥርት ቢል እንኳ ገመዶቹን ሁሉ ወጥር፤ የገመድ ሥራ ንፋስ መቋቋም ብቻ አይደለም፣ የውጭው ሽፋን የውስጡን እንዳይነካ የሚያርቀውም እሱ ነው። ሁለቱ ከተነካኩ እርጥበቱ ይሻገራል። ከወለሉ ሥር ተጨማሪ ሸራ ካነጠፍክ ደግሞ ጠርዙ ወደ ውጭ ብቅ አይበል፤ ብቅ ካለ ዝናቡን ተቀብሎ ቀጥታ ከጀርባህ ሥር ያጠራቅመዋል።

ቦታ መምረጥ ከድንኳኑ ዋጋ ይበልጣል። የተዳፋት ግርጌ ውሃ የሚተኛበት ነው። መንገድ ዳር ከተከልክ ሌሊቱን ሙሉ የሰከረ እግር በገመድህ ይሰናከላል። መጸዳጃና የውሃ ቧንቧ አጠገብ ጭቃ፣ ሽታና መብራት አለ፤ የሦስት ደቂቃ መንገድ መራቅ ይበቃል። ከዛፍ ሥርም ራቅ፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንኳ ሲያንጠባጥብ ያድራል፣ ንፋስ ከመጣ ደግሞ ቅርንጫፍ ይወድቃል። በሩን ንፋሱ ከሚመጣበት አዙረው። ለዚህ ሁሉ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፦ ግላስተንበሪ በሩ ረቡዕ ጠዋት ይከፈታል፣ ትልልቆቹ መድረኮች የሚጀምሩት አርብ ነው፤ አርብ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ሌላው ንቆ የተወውን ተዳፋት ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ካምፑ በጀርባ ተሸክሞ አንድ ሰዓት ሊያስኬድ እንደሚችልም አስብ። ጠቅላላ ጭነትህ ከ15 ኪሎ አይለፍ። ባለ ቀጭን ጎማ ጋሪ ደረቅ ሜዳ ላይ ደስ ይላል፤ ጭቃ ሲሆን ጎማው ተለብጦ መዞር ያቆማል፣ ከዚያ በኋላ ጋሪውንም የምትሸከመው አንተ ነህ።

እንቅልፍ። በጁን የእንግሊዝ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ስሊፒንግ ባጉ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥር ታያለህ፤ ምቹ የሚለውን ብቻ እመን፣ 5 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። የመጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር በሕይወት ስለ መትረፍ እንጂ ስለ መተኛት የሚናገር አይደለም። ከላይ ከተሸፈንክ በኋላ ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነው፦ ተኝተህበት የታመቀው የባጉ መሙያ አየር ስለማይዝ አያሞቅም፣ መሬቱም ሙቀትህን ይጠጣዋል። ስለዚህ ከሥርህ የምታነጥፈው ምንጣፍ የሙቀት መከላከያ ቁጥሩ (R-value የሚባለው) ቢያንስ 2 ይሁን። በፓምፕ የሚነፋው ወፍራም ፍራሽ የሆቴል አልጋ ይመስላል፤ ውስጡ መከላከያ ከሌለው ግን አየሩ እየተዘዋወረ ሙቀትህን ወደ መሬት ያወርደዋል፣ ሌሊት ላይም ይተነፍሳል። ፀሐይዋ በጁን መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከንጋቱ 5 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች፤ የዓይን መሸፈኛ ያዝ።

ሲበርድህ አንድ ነገር በፍጹም እንዳታደርግ፦ ፍም ያለበት ማንደጃ ድንኳን ውስጥ ወይም በረንዳው ላይ አታስገባ፤ "ጠፍቷል" ቢሉህም። የጠፋ የሚመስል ከሰል ለሰዓታት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማህ በመጠጥ አታመካኝ፤ መጀመሪያ ውጣ።

እግርን በተመለከተ ሁሉም የጎማ ቦቲ ያዝ ይልሃል። እውነት ነው፣ ግን ቦቲ ለጭቃ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትሄድበት አይተነፍስም፣ እግርህ በላብ ይርሳል፣ ጠርዙም ባትህን ይልጠዋል። ከጠርዙ በላይ የሚያልፍ ረጅም የሱፍ ካልሲና ተጨማሪ የውስጥ ሶል አድርግበት፤ መሬቱ ሲደርቅ ወዲያው ወደ መራመጃ ጫማ ቀይር። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ካልሲ፣ በዚያ ላይ ሁለት ትርፍ። አንዷ ጥንድ ግን በፕላስቲክ ታስራ ለእንቅልፍ ብቻ ትቀመጥ፤ ዓለም ቢገለበጥ ቀን እንዳታወጣት። ለቀናት እርጥብ የሆነ እግር ቆዳው ይነጣል፣ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ይላጣል፤ በየሌሊቱ ለጥቂት ሰዓታት ማድረቅ ይህን ያስቀራል።

ጆሮህን በተመለከተ ግን ትንሽ ላጥብቅብህ። ከትልቅ መድረክ ፊት ለፊት 100 ዴሲቤል የተለመደ ነው። ለጆሮ እንደ ወሰን የሚያዘው 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይወርዳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2፣ 94 ላይ 1፣ 97 ላይ 30 ደቂቃ፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ሦስት አራት ዘፈን ማለት ነው። አንተ ደግሞ በቀን ስድስት ባንድ ልታይ ነው። በደንብ የገባና 18 ዴሲቤል የሚቀንስ ማጣሪያ ያለው የጆሮ መሰኪያ 100ውን ወደ 82 ያወርድልሃል። ስፖንጁ መሰኪያ የበለጠ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሲምባሉንና የድምፃዊውን ቃል ከቤዙ አብልጦ ስለሚቆርጥ ባንዱ ከግድግዳ ጀርባ የሚጫወት ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱንም ያዝ፣ ማጣሪያውን ለሙዚቃ፣ ስፖንጁን ለመኝታ። ስፖንጁን በጣቶችህ አቅጥነህ ጠቅልለው፣ በሌላ እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ አስገባውና እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣትህ ያዘው። ግማሹ ወደ ውጭ የቀረ መሰኪያ የለም ማለት ይቻላል።

ጥሩ ድምፅ የት እንዳለ ታውቃለህ? የፊተኛው አጥር ላይ አይደለም። እዚያ ከመድረኩ ሥር ያሉት የቤዝ ስፒከሮች ሆድህን ይደልቁታል፣ የድምፃዊው ድምፅ ግን ከላይ ከተሰቀሉት ስፒከሮች ወጥቶ ከራስህ በላይ ያልፋል። የድምፅ ባለሙያው ሚዛኑን የሚያወጣው ሜዳው መካከል ባለው የሚክሰር (የድምፅ ማቀናበሪያ) ዳስ ሆኖ በሚሰማው ነው፤ ከዳሱ ትንሽ ፊት ለፊት ስትቆም እሱ የሚሰማውን ትሰማለህ። ለምትሞትለት ባንድ ፊት ሂድ፣ ለሌላው ሁሉ ዳሱ ጋ ቁም።

ፊት ከሄድክ ደግሞ ሕዝቡን አንብብ። በ2000 ሮስኪልድ ላይ ፐርል ጃም ሲጫወቱ ከመድረኩ ፊት በተፈጠረው መጨናነቅ ዘጠኝ ሰዎች ሞተዋል፤ ሕዝብ የሚገድለው ረግጦ ብቻ ሳይሆን አየር አሳጥቶም ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ሰው በላይ ሲሆን እንደ ልብህ መቆም ያቅትሃል፤ ምልክቱ እጅህን ወደ ፊትህ ማንሳት ሲቸግርህና ሳትፈልግ ስትወዛወዝ ነው። ያኔ ዘፈኑ እስኪያልቅ አትጠብቅ። ክንዶችህን እንደ ቦክሰኛ ደረትህ ፊት አድርግ፣ ሲገፉህ አትገፍትር፣ ግፊቱ ጋብ ባለ ቁጥር በሰያፍ ወደ ጎን ውጣ። ሞሽ ውስጥ (ሰው እየተጋፋ በሚጨፍርበት መሃል) ደግሞ አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው፦ የወደቀ ይነሳል፣ ሁሉም ቆሞ ያነሳዋል። የጫማህን ማሰሪያ ወደ ውስጥ ክተት፣ ቦርሳና መነጽር ይዘህ አትግባ።

የቀሩት ትንንሽ ናቸው። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ ቮልቴጁን ሲቀይር ከኃይሉ ከፊሉን ስለሚያባክን የተለመደን ስልክ የሚሞላው ሦስት አራት ጊዜ ያህል ነው፤ ሌሊት ስልኩን ከኔትወርክ አውጣው፣ ምልክት ፍለጋ ባትሪ ይበላል። ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ጥሪ እንቢ ይላል፣ አጭር መልእክት ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል፤ ለማንኛውም ከጓደኞችህ ጋር ቋሚ መገናኛ ቦታና ሰዓት ተቀጣጠሩ። ፕሮግራሙን አስቀድመህ ፎቶ አንሳው። ግላስተንበሪ ላይ በሁለት መድረኮች መካከል ግማሽ ሰዓት መሄድ ስላለ፣ ግማሽ ባንድ እዚህ ግማሽ እዚያ እያልክ ሁለቱንም አታጣ። መጸዳጃ ማለዳ ከጸዳ በኋላ ሂድ፣ ወረቀትና የእጅ ጄል የራስህ ይሁን። ባዶ የውሃ ኮዳ ያዝ። ብርጭቆና ጠርሙስ ፍተሻ ላይ ይቀሩብሃል። ምድጃ የሚፈቀድበትና የማይፈቀድበት ስላለ የየፌስቲቫሉን ደንብ ሳታነብ አትሸከም።

ሰኞ ጠዋት ካስማዎቹን ቆጥረህ ንቀል። ወርዚ ፋርም የወተት ላሞች የሚሰማሩበት ሜዳ ነው፤ ሣር ውስጥ የቀረ ካስማ ላም ትውጠዋለች። ድንኳኑን እርጥብ አድርገህ ከጠቀለልከው ቤት እንደደረስክ ያን ቀን ወይም በማግስቱ ዘርጋው፤ ከዚያ ካለፈ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም።

የትኛውን ቲኬት እንደያዝክና ድንኳኑን ገዝተህ ከሆነ የወለሉን ቁጥር ጻፍልኝ። ካልገዛህ ቆይ፣ ሁለት ሰው የማይጠበው አንድ እኔ ጋ አለ፤ በፖስታ ልልክልህ እችላለሁ።

ወዳጅህ