ለልጄ፦ በላክሽልኝ ፎቶ ላይ እሾህ የለም

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ጉልበቴም ተሽሎታል።

ማታ በቴሌግራም የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «እማዬ፣ በሸዋ ሮቢት መንገድ አርማንያ ጋ መኪና አቁመን አጋም አገኘን፤ ሥሩን ለጓደኛዬ እናት ቆፍረን ይዘንላታል» ብለሽ ነበር። ወዲያው ደውዬ «ለማንም እንዳትሰጡት!» ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከጮኽኩብሽ ይቅር በይኝ፤ ደንግጬ ነው። በስልክ አላስረዳሁሽምና ልጻፍልሽ።

በፎቶው ላይ እሾህ የለም። ያገኛችሁት አጋም ሳይሆን መረንዝ የሚባለው መርዛማ ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል።

አጋምና መረንዝ ዘመዳሞች ናቸው። የሁለቱም ቅጠል ወፈር ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የሚወጣ ነው። ሁለቱም ሲቀነጠሱ ነጭ ወተት ያንጠባጥባሉ። አበባቸው ነጭ ሆኖ ሮዝ ይቀላቅላል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ፍሬያቸው ሲበስል ይጠቁራል። አጋምን ልጅ ሆነሽ ጥርስሽ እስኪጠቁር በልተሽዋል። መረንዝ ግን አዳኞች ከጥንት ጀምሮ የቀስታቸውን ጫፍ የሚቀቡበት መርዝ የሚወጣበት ነው። መርዙ የሚሠራው ልብ ላይ ነው። ሰውየውን ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱን ያዛባዋል፣ ሲብስም ያቆመዋል። የበሰለውን የመረንዝ ፍሬ እረኞች ይበሉታል ሲባል ብትሰሚ አትሞክሪው። ጥሬው ይመርዛል፤ ብስሉን ከጥሬው በዓይን ልለይ ማለት በነፍስ መጫወት ነው።

ታዲያ በምን ትለይዋለሽ? መጀመሪያ በእሾሁ። አጋም ጠንካራ፣ የሚወጋ እሾህ አለው፤ መረንዝ ጭራሽ የለውም። ግን በአንድ ቅርንጫፍ አትፍረጂ። አጋምም አንዳንድ ቅርንጫፉ ላይ እሾሁ ይሳሳል። ቁጥቋጦውን ዙሪውና እዪው። ቀጥሎ አበባውን ተመልከቺ። የአጋም አበባ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። የመረንዝ ደግሞ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ተጨናንቆ ይወጣል። አበባ በሌለበት ወቅት ይህ ምልክት የለሽም ማለት ነው። ያኔ ዝም ብለሽ እለፊ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሥሩ ነው። የጓደኛሽ እናት ለምን እንደፈለገችው ገብቶኛል፤ የአጋም ሥር ለጭስ፣ ለቡዳም ለእባብም ይባላል። ነገር ግን አንዴ ከተቆፈረ በኋላ ሥር ሥር ነው። እሾህ የለው፣ ቅጠል የለው፣ አበባ የለው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በክር ታስሮ ገበያ ሲወጣ ሻጯም ሆነች ገዢዋ የሚያውቁት ስሙን ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ «ምን ጠጣ?» ብዬ ስጠይቅ «ሥር ነው» ከሚል መልስ በላይ ያስጨነቀኝ የለም።

አያትሽ መድኃኒት አዋቂ እንደነበረ ታውቂያለሽ። ቅጠል የሚበጥሰው ጎህ ሳይቀድ ነበር። እስኪመለስ ከሰው ጋር ቃል አይለዋወጥም። ያወቀውን ያሳየው ለበኩር ልጁ ለአጎትሽ ብቻ ነው፤ እኔ ሴት ነኝና ከኋላው ተደብቄ እየተከተልኩ ነው የተማርኩት። በሙያው አከብረዋለሁ። በምስጢሩ ግን እስከ ዛሬ አዝንበታለሁ።

ትንሹ ወንድሜ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከጓሯችን፣ ቆሻሻ ከምንደፋበት ቦታ፣ እሾሃማ ፍሬ ፈልቅቆ ውስጡ ያለውን ጥቁር ጥቁር ዘር በላ። አስተናግር ነው፣ ዕፀ ፋሪስ የሚሉት። ማታ ላይ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ሰውነቱ ይፋጃል፣ ግን ጠብታ ላብ የለውም። ምላሱ ደርቆ ከላንቃው ተጣበቀ። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ዓይኑ ጥቁር ብቻ ሆነ። በዚያ ዓይን እያየ ጋቢዬ ላይ የሌለ ጉንዳን በጣቱ ይለቅም ነበር። አንድ በአንድ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ከማናየው ሰው ጋርም ያወራል። «አስተናግር» የተባለው ለምን እንደሆነ ያን ሌሊት ገባኝ። በኋላ በትምህርት እንዳወቅሁት፣ ዓይን ሲመረመር ብሌን ለማስፋት የሚጨመረው አትሮፒን በዚህ ተክል ውስጥ ያለ ነው። የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው ይጠጣው የነበረው አብሾም ከዚሁ ነው ይባላል።

አባቴ ገና እንዳየው አወቀ። ቅጠሉን ለራስ ቆረቆር ይጠቀምበት ነበርና። ግን ከኛ ከልጆቹ ለአንዳችንም «ይህን አትንኩ» ብሎን አያውቅም። መድኃኒቱን ለመደበቅ ሲል መርዙንም ደበቀው። ወንድሜ ጤና ጣቢያ ሁለት ሌሊት አድሮ ተረፈ።

ስለዚህ እኔ አልደብቅሽም። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ፣ አያድርግብሽና፣ ወተት እየጋታችሁ፣ ጣት ጉሮሮ እየከተታችሁ ጊዜ አታባክኑ። በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የተበላውን ቅጠል ወይም ፍሬ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ከምንም በላይ የሚፈልገው እሱን ነው።

ትክክለኛውን ተክል ማግኘትም ብቻውን አይበቃም። ኮሶን ማን ይሳሳተዋል? ግን ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፣ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል። እንዶድም ልብስ ያነጣል እንጂ ለሆድ አይደለም።

ለጥቅምት ስትመጪ ከጣርማ በር ቁልቁል እንወርዳለን። እዚያ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ 1,300 ገደማ። በአንድ ቀን መንገድ ተክሉ ሁሉ ይለዋወጣል። ከጦስኝ እንጀምር። መሬት ላይ ተነጥፎ ስታሺው ሽታው እጅሽ ላይ ይቀራል። መረንዙንም አጋሙንም ጎን ለጎን አሳይሻለሁ። ከዚያ በፊት የምትጠራጠሪው ነገር ካለ አበባ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሃል አድርቀሽ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ተክሎች ናሙና ወደሚቀመጥበት ቤት፣ ይዘሽ ሂጂ። ፎቶ ከመላክ ይሻላል።

የጓደኛሽን እናት ስልክ ላኪልኝ፤ እኔው አስረዳታለሁ። ሥሩ አሁንም መኪናው ውስጥ ካለ ማንም እንዳያጨሰው፣ ልጅም እንዳያገኘው አርቃችሁ ቅበሩት። የቆፈራችሁበትን ቢላዋ በሳሙና እጠቡት። እጃችሁንም።

እናትሽ