ሕንፃው ያዳነው ገንዘብ ለሕንፃው ይቆይለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ባለ ሰባት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን ስለ ሕንፃ እድሳት ብዙ ስለሚወራ እኔም በዓይኔ ያየሁትን ልጽፍ ተነሣሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በምዕራብ በኩል አንዲት ቢሮ አለች። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ፀሐይ በቀጥታ ዓይን ላይ ትወድቃለች። ሠራተኞቹ ቢቸግራቸው የወረቀት ካርቶን ቀደው መስኮቱ ላይ በፕላስተር ለጥፈዋል። ካርቶኑ ክፍሉን ያጨልመዋል፤ ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራሉ። ሙቀቱ ግን መስታወቱን አልፎ ገብቷልና ቬንቲሌተሩም ይዞራል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እኔ ስቀጠር ከየመስኮቱ ውጭ የኮንክሪት ጥላ ነበር። ከዓመታት በፊት ሕንፃው «ዘመናዊ ይሁን» ተብሎ ጥላው ፈረሰ፣ ፊቱም መስታወት ለበሰ። አብዛኛው መስታወት አይከፈትም። አዲስ አበባ እኮ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጥላ ያለውና መስኮቱ የሚከፈት ቢሮ እዚህ ኤሲ አያስፈልገውም። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለሆነች በሰሜንና በደቡብ ላለ መስኮት ትንሽ ጥላ ይበቃዋል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ምሥራቅና ምዕራቡ የቁም ጥላ ይፈልጋል። የቀድሞዎቹ ግንበኞች ይህን አውቀው ነው የሠሩት።

ማደስ ማለት መልክ መቀየር አይደለም። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. የተሠራ ነው። በጥቅምት 2017 ታድሶ ሲከፈት ያው የምናውቀው አዳራሽ ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወትም በቦታው አለ።

አምና ከጥገና በጀት ትንሽ ገንዘብ ተርፋ ነበርና አለቃዬን ለምኜ ለሦስተኛ ፎቅ የኤልኢዲ መብራት አስገዛሁ። የድሮው ፍሎረሰንት 40 ዋት ነው፤ ባላስቱ፣ ማለትም ወደ መብራቱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ዕቃ፣ ደግሞ 10 ዋት ያህል ይበላል። አዲሱ 18 ዋት ብቻ ነው። የድሮውን የመብራት ማቀፊያ ሳልጥል ባላስቱንና ማስነሻውን (ስታርተሩን) አውጥቼ በቀጥታ ገመድ ሰጠሁት። 72 መብራት ቀየርኩ። በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ቢበሩ ከፎቁ ፍጆታ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይቀንሳል። ሌላም ነገር አስተካከልኩ። ፎቁ በሙሉ በአንድ ማብሪያ ነበር የሚበራው፤ አንድ ሰው ማታ ቢያመሽ 72ቱም ያመሹ ነበር። አሁን የመስኮቱ ረድፍ ለብቻው ነው።

ሥራው የወሰደብኝ ሁለት ቅዳሜ ነው።

አራተኛ ፎቅን ስጠይቅ ግን «ገንዘብ የለም» ተባልኩ። ከሦስተኛ ፎቅ የዳነውስ? ቆጣሪው ለሕንፃው አንድ ስለሆነ ማን ምን እንዳዳነ አይታይም። ቢታይ እንኳ ሰኔ 30 ሲደርስ የተረፈው በጀት ተመላሽ ነው። እንዲህ ከሆነ የትኛው ኃላፊ ለቁጠባ ይጨነቃል? ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው።

«ግድቡ አልቋል፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አልቅሻለሁ። ከወር ደሞዜ እየተቆረጠ ቦንድ የገዛሁበት ነው። 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ግን መብራት ያልገባላቸው ብዙ የገጠር ቀበሌዎች አሉ። እናቴ ያለችበት ቀበሌ ዛሬም በኩራዝ ነው። በቀትር ካርቶን ጀርባ የሚበራውን መብራት ሳይ እሷ ናት ትዝ የምትለኝ።

በጀት የሚመድቡትን አካላት የምጠይቀው ይህን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ከመብራት ሒሳብ ያዳነው ገንዘብ ለሁለትና ለሦስት ዓመት እዚያው ይቆይለት፣ ለቀጣዩ እድሳትም ይዋል። በየፎቁ ቆጣሪ ይግባ። ሕንፃ ሲታደስም ከመስታወቱ በፊት ጥላው ይታሰብ።

ለአራተኛ ፎቅ መብራቱ ይገዛልኝ እንጂ ጉልበቱ ከእኔ ነው። የቅዳሜ አበልም አልጠይቅም።

አክባሪያችሁ፣
የሕንፃ ኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ