አባባ፣ «አይቻለሁ»ን በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ

አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደኅና ነን። ልጆቹም ደኅና ናቸው፤ ትንሿ ፊደል መቁጠር ጀምራለች፣ ትልቁ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

በጥቅሉ ውስጥ ሦስት ቅጠል ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክና አንድ ወፍራም ጥቁር ብዕር አለ። በስልክ ለነገርኩዎት ሕትመት ነው፦ ገጹ ሙሉ ቀይ ይለብሳል፣ በላዩ «አይቻለሁ» የሚለው በእርስዎ ጽሕፈት ከላይ እስከ ታች ይደረደራል። ሌላ ምንም የለበትም።

«እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ ሰው ይጻፈው» አሉኝ። በእርግጥ በዚህ ዓይነት ጥበብ ሐሳቡ የአንዱ፣ ሥራው የሌላው ቢሆን ነውር የለውም፤ አሜሪካዊው ሠዓሊ ሶል ለዊት የግድግዳ ሥዕሎቹን በጽሑፍ መመሪያ ሌሎችን ያሠራ ነበር። ቀለሙንማ በማተሚያው መረብ ማንም ይግፋው። ይሄኛውን ሌላ ሰው ከጻፈው ግን ሐሳቡ ራሱ የለም።

በሻካራው ፊት ይጻፉ፤ በለስላሳው ላይ ቀለሙ አይዝም። በእስክሪብቶ አይሆንም፤ ለዓይን ጥቁር ቢመስልም ብርሃን ያሳልፋል። የማተሚያው መረብ፣ ማለትም በፍሬም የተወጠረው ስስ ጨርቅ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚጠነክር ፈሳሽ ይቀባል። ፕላስቲኩ በላዩ ይደረግና ብርሃን ይበራበታል። ጽሕፈትዎ ብርሃኑን የጋረደበት ቦታ ሳይጠነክር ይቀርና በውኃ ታጥቦ ይከፈታል፤ ቀለም የሚያልፈው በዚያ ነው። ብዕሩ የሳሳበት ቦታ ስለማይከፈት ፊደሉ ተቆርጦ ይወጣል። ገልብጠው መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ እንደ ወትሮው ነው።

የፊደሉ ቁመት 2 ሴንቲሜትር ያህል፣ የመስመሩ ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር ባያንስ ደስ ይለኛል። «ቻ» ላይ የአናቱ መስመርና መስቀለኛው ክንድ ከተጠጋጉ መሐሉን ቀለም ይሞላዋል፤ ራቅ ያድርጓቸው። የ«ሁ» የጎን ጭረት ደግሞ ቀጭን ከሆነች ብርሃን ከሥር ገብቶ ይበላትና «ሀ» ሆና ትቀራለች። ከተሳሳቱ አይፋቁ፣ በእርጥብ ጨርቅም አይንኩት። ከሥሩ ሌላ መስመር ይጻፉ፤ የማይፈለገውን ብርሃን በማያሳልፍ ቴፕ እሸፍነዋለሁ።

የምጠቀመው በሴንቲሜትር 90 ክር ያለውን መረብ ነው። 43 ክር ብቻ ባለው ሰፋፊ ቀዳዳ መረብ የፊደሉ ጠርዝ ጥርስ ያወጣል፣ ንዝረቱም በዚያ ውስጥ ይጠፋል። እኔ እንዲጠፋ አልፈልግም። ማስተካከልማ በኮምፒውተር የደቂቃ ሥራ ነበር።

የእኔን ጽሕፈት «ዶሮ የጫረው» ሲሉት የኖሩት እርስዎ ነዎት። ስንት ገጽ ብጽፍ ግርጌው ላይ «አይቻለሁ» ብቻ። ጎበዝ አይሉ፣ ሰነፍ አይሉ። አሁን ስለ ጽሕፈትዎ ሲያፍሩ ስሰማ ምን እንደምልዎት ይጠፋኛል። ቀዩን የመረጥኩት ላሳጣዎት አይደለም፤ ያርሙ የነበረው በቀይ ስለሆነ ነው። ደብተሮቹን ማን እንዳስቀመጣቸው ያውቃሉ።

ቀዩ ቀድሞ ይታተማል፤ በደንብ ሳይደርቅ ጥቁሩ ከመጣበት ጠርዙ ይፈስሳል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ነው፣ 12 ቅጂ ይወጣል። ሁለታችንም በእርሳስ እንፈርማለን፣ እርስዎ በቀኝ፣ እኔ በግራ፤ 1/12 የሚል ቁጥር ያለው ቅጂ የእርስዎ ነው። ሲሰቅሉት መስኮቱ ፊት ለፊት አይሁን፣ ቀይ በፀሐይ ይገረጣል። መስተዋቱም ወረቀቱን እንዳይነካ በመሐሉ ካርቶን ይግባ፤ አለዚያ እርጥበት ሲይዘው ቀለሙ ይጣበቅበታል።

ሲመልሱልኝ ይጠቅልሉት እንጂ አይጠፉት፤ የታጠፈበት መስመር ጥላ ይጥላል። ለዚህ ብለው መድኃኒቱን እንዳይዘሉ። እጄ እስኪረጋ ልጠብቅም አይበሉ፣ አባባ። ይሄ ወር ሳያልቅ ቢደርሰኝ ነው የምወደው።

ሐኪሙ ስለ ቀኝ እጅዎ ምን አለ? ባለፈው ስጠይቅዎት ወሬውን ወደ ልጆቹ አዞሩብኝ።

ልጅዎ