የብዙኃኑ ኀ ነገር

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? እኛ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ታኮርፋለህ። አኩርፍ፣ መብትህ ነው። ግን ደብዳቤውን ጨርሰህ።

እናቴ ታማ ነበር። ግፊት ነው፤ አሁን ተሽሏታል፣ ቡና አፍልታ ጎረቤት መጥራት ጀምራለች። ሁለት ጊዜ ባሕር ዳር ድረስ ይዣት መጥቼ ሳልደውልልህ ወደ ማርቆስ ተመልሻለሁ። ይህን የምነግርህ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው።

ያን ሰሞን የሐኪሙ ትእዛዝ፣ የቀጠሮው ቀን፣ የግፊቷ ልክ፣ ሁሉም በየብጣሽ ወረቀቱና በየስልኩ ተበታትኖ ሲያምሰኝ አንድ ዘዴ ያዝኩ። ቪምን ታስታውሰዋለህ? ኮሌጅ እያለን መውጫው ጠፍቶን ኮምፒውተሩን ያጠፋንበት ቴክስት ኤዲተር! አዎ፣ እሱ። ቪምዊኪ የሚባል ጭማሪ ጫንኩበት። አንድ ቃል ላይ ቆመህ ኢንተር ስትል ቃሉ ሊንክ ይሆናል፣ ስትደግመው በዚያ ስም ባዶ ገጽ ይከፈታል፣ ባክስፔስ ወደ መጣህበት ይመልስሃል። በቃ። ገጾቹ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው፤ ኔት ቢጠፋም ግድ የላቸው፣ የዓመቱ ተጠቅልሎ አንድ ፎቶ አያክልም። (ዊኪ የሚባለው እንዲህ በሊንክ የተሳሰሩ ገጾች ስብስብ ነው፤ ቃሉ በሃዋይ ቋንቋ ፈጣን ማለት ነው። ዋርድ ከኒንግሃም በ1995 የመጀመሪያውን ዊኪ ሲያወጣ ስሙን የወሰደው ከሆኖሉሉ አየር ማረፊያ አውቶቡስ ነው፣ ዊኪ ዊኪ ከሚባለው። እኛ ብንሆን «ቶሎ ቶሎ» እንለው ነበር።)

አማርኛው ግን አስለቀሰኝ። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳትመልስ ትእዛዝ ከሰጠኸው አይሰማህም። ይሄ ይለመዳል። ያልተለመደው ሌላ ነው።

አንድ ቀን ሐኪሙ «በፊት ሳል ያስነሳባት የትኛው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ኮራ ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። «መድኃኒት» የሚለው ገጽ ላይ ሳል የሚባል ነገር የለም። ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል፣ እናቴ እኔን ታያለች፣ እኔ ያልበኛል። ለካ ሳል ያስነሳባትን የግፊት መድኃኒት፣ ኢናላፕሪልን፣ የጻፍኩት «መድሃኒት» ብዬ በከፈትኩት ሌላ ገጽ ነው! «መድሀኒት» የሚል ሦስተኛም አለ። እኛ አንድ አድርገን እናነባቸዋለን፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሃ እና ኃ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሌላ ሌላ ፊደሎች ናቸው።

ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝ። ከቅኔ ቤት ይዘኸው በመጣኸው አመል ደብተሬን እያሰመርክ «ብዙኃኑ ኀ ነው እኮ!» ስትለኝ እንዴት እስቅብህ ነበር።

አሁን ስፈልግ መድ[ሀሃሐኀኃ]ኒት ብዬ ሁሉንም እደረድራለሁ፣ ይሠራል፤ ለየቃሉ ግን ማን ይችለዋል። ስለዚህ «ፊደል» የሚል ገጽ ከፍቼ የእያንዳንዱን ቃል ትክክለኛ አጻጻፍ መመዝገብ ጀምሬያለሁ። አርባ ቃል ላይ ቆሜያለሁ። ዕቁብ በዓይኑ ዐ ነው በአልፋው? ጸጉር በየትኛው ነው? ሐሳብስ?

እናቴ ሰላም ብላሃለች። መልሱን በቴሌግራም በድምፅ እንዳትልክልኝ፣ ጻፈው። በድምፅማ ሁሉም ሀ አንድ ነው።